ከላፕቶፕ ጋር ቼዝ ለምትጫወቱ የጎጃም ልጆች

ውድ ወንድሞቼና እህቶቼ፣

ዕድሜዬን ያሳለፍኩት በመንገድ ሥራ ነው። ጡረታ ወጥቼ ደብረ ማርቆስ ከተቀመጥኩ ወዲህ ማታ ማታ ከላፕቶፕ ጋር ቼዝ እጫወታለሁ። ይህን የሰሙ የሰፈር ልጆች እየመጡ "ጋሼ፣ የቱን ልጫን?" ይሉኛል። መልሱ አጭር ነው፤ ስቶክፊሽ የሚባለውን የቼዝ ፕሮግራም ጫኑ። ነፃ ነው፣ ኮዱም ለሁሉም ክፍት ነው። ራሱ ሰሌዳ ስለሌለው አሬናን ወይም ሌላ ነፃ ማሳያ አብራችሁ ጫኑ። አንዴ ከተጫነ ኢንተርኔት አይፈልግም፤ ከጓደኛ በፍላሽ መውሰድ ይቻላል። መብራት ሲጠፋ ደግሞ የሚጠቀምባቸውን የፕሮሰሰር ኮሮች ወደ አንድ ቀንሱ። ያለዚያ ፋኑ ይጮኻል፣ ባትሪውም ቶሎ ያልቃል።

ስለ መጫኑ ይኸው ይበቃል። የምጽፍላችሁ ከጫናችሁ በኋላ ስለምታደርጉት ነው።

በቅርቡ አንድ ጎረምሳ አጠገቤ ቁጭ ብሎ ሲጫወት አየሁት። የያዘው ጥቁሩን ነው። ንግሥቷን ሰድዶ ቢ2 ላይ ያለችውን ወታደር በላ። ባለቤት የሌላት መስላው ነበር። ኮምፒውተሩ ፈረሱን ኤ4 ላይ ገጭ አደረገው። ንግሥቷ መውጫ አጣች። ልጁ ለአፍታ እንኳ አላሰበም። የመመለሻውን ቁልፍ ተጫነ፣ ወታደሯን ተወና ሌላ ነገር ተጫወተ። ትንሽ ቆይቶ ቢሾፑ ሊበላበት ሆነ። አሁንም ተመለሰ። እንዲህ ሲል ሲል ቆይቶ "በላሁት!" ብሎ ሳቀ። ማን ማንን እንደበላ እንጃ። ወታደሯን ለምን መብላት እንዳልነበረበት ብጠይቀው "ኮምፒውተሩ አልወደደውማ" አለኝ።

ይህችን ደብዳቤ ያስጻፈችኝ ያቺ መልስ ናት።

መሥሪያ ቤት እያለሁም በሌላ መልኳ እሰማት ነበር። አዲስ የተመረቀ መሐንዲስ የመንገድ ንጣፍ ውፍረት በሶፍትዌር አስልቶ ይመጣል። ወረቀቱ ያምራል። "ይህ ቁጥር ከየት መጣ?" ስትለው "ሶፍትዌሩ ያወጣው ነው" ይልሃል። ዋልካ መሬት ደግሞ እናንተም ታውቁታላችሁ። ክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በጋ ደርቆ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል። ከሥር ዋልካ መኖሩን ያልነገሩት ሶፍትዌር ከየት ያውቃል? የሰጠኸውን ያሰላል፣ በቃ።

ቼዝ ግን ከዚህ ይለያል። ሰሌዳው ላይ ያለው ሁሉ ለኮምፒውተሩ ይታየዋል፤ ስቶክፊሽም ከእኔና ከእናንተ ቀርቶ ከዓለም ሻምፒዮኖችም ይበልጣል። ስለዚህ የምፈራው መሳሳቱን አይደለም። የምፈራው ትክክለኛ መልስ ያለ ምክንያቱ ማቀበሉን ነው። ሰሌዳው ጎን +1 ብሎ ይጽፍላችኋል። ድሮ ያ ቁጥር የአንድ ወታደር ብልጫ ያህል ማለት ነበር። በአዳዲሶቹ ስቶክፊሾች ደግሞ ኮምፒውተር ከኮምፒውተር ቢጫወት የማሸነፍ ዕድሉ ግማሽ ያህል ነው ማለት ነው። ለምን እንደሆነ ግን አይነግራችሁም። ለምኑን ማግኘት የእናንተ ፈንታ ነው።

ማሽን ማመን ምን ድረስ እንደሚወስድ የያኔውን የዓለም ቼዝ ሻምፒዮን ጋሪ ካስፓሮቭን ጠይቁ። እ.ኤ.አ. በ1996 ፊላደልፊያ ላይ የአይቢኤም ኩባንያን የቼዝ ኮምፒውተር፣ ዲፕ ብሉን፣ 4 ለ 2 አሸንፎት ነበር። በሜይ 1997 ኒውዮርክ ላይ እንደገና ተገናኙ። ማሽኑ በሰከንድ 200 ሚሊዮን ያህል አቀማመጥ ይመረምር ነበር። ካስፓሮቭ የመጀመሪያውን ጨዋታ አሸነፈ። በሁለተኛው ተጨነቀና እጅ ሰጠ። ኋላ ላይ ተንታኞች ሲያዩት፣ የማሽኑን ንጉሥ እየደጋገመ ቼክ በማለት አቻ የሚወጣበት መንገድ ነበረው። ይህን የሚያህል ማሽን እንዲህ ያለ ቀዳዳ ይተዋል ብሎ ስላልጠረጠረ፣ ቀዳዳውን እስከ ጫፉ አልፈተሸውም። ግጥሚያው 3½ ለ 2½ በሆነ ውጤት በማሽኑ አሸናፊነት አለቀ። በዘመኑ ከእሱ የሚስተካከል ሰው አልነበረም። እሱን እንዲህ ካደረገው እኛንማ!

ታዲያ እንዴት እንጠቀምበት? እኛ ጎጃሞች ይህን ለማወቅ ሩቅ አንሄድም። ዲማም ሆነ ዋሸራ፣ የቅኔ ተማሪ መጀመሪያ ብቻውን ተቀምጦ ይቆጥራል። ሰሙን ከወርቁ ያገጣጥማል፣ ቤቱን ይመታል፣ ያፈርሳል፣ እንደገና ይሠራል። ከዚያ ነው ለመምህሩ የሚያሰማው። መምህሩም ያርመዋል። ያልቆጠረ ምኑ ይታረማል?

ቼዙንም እንዲሁ አድርጉት። ስትጫወቱ ቁጥሩንና የጥቆማ ቀስቱን አጥፉ። መመለሻውን እርሱት። የተበላ ተበላ። ጨዋታው ሲያልቅ ኮምፒውተሩን ከመጠየቃችሁ በፊት ደብተር አውጡና የተበላሸው የት ላይ እንደሆነ በገዛ ቃላችሁ ጻፉ። "እዚህ ጋ ፈረሱን አላየሁትም" ማለት ይበቃል። ከዚያ ስቶክፊሽን ክፈቱት። የሱ መልስ ከእናንተ ጋር ካልተስማማ፣ እሱ ያለውን ትታችሁ የእናንተን እርምጃ ተጫወቱበትና እንዴት እንደሚቀጣችሁ ተመልከቱ። ለምኑ የሚገኘው እዚያ ላይ ነው። እኔ አንዷን ጨዋታ እንዲህ ሳገላብጥ አንድ ምሽት ትፈጅብኛለች፤ ባለቤቴ እንዳላብድ ትሰጋለች።

የስቶክፊሽ ችሎታ ከ0 እስከ 20 ባሉ ደረጃዎች ይስተካከላል። ዝቅ ስታደርጉት ግን እንደ ጀማሪ ሰው ይጫወታል ብላችሁ አትጠብቁ። ደህና እንደ ባለሙያ ሲሄድ ቆይቶ ድንገት ሩኩን ያለ ምክንያት ይጥላል። ሰው የሚሳሳተው ስለሚቸኩል፣ ስለሚጓጓ፣ ስለሚናደድ ነው። ያንን መጠቀም የምትማሩት ከሰው ጋር ስትጫወቱ ብቻ ነው።

የአንድ ደቂቃ ጨዋታ እንደምትወዱም አውቃለሁ። ፍጥነቱ ለእኛ አገር አዲስ አይደለም። በአባቶቻችን ቼዝ፣ በሰንጠረዥ፣ የጨዋታው መጀመሪያ ወረራ ይባል ነበር፤ ሁለቱም ተራ ሳይጠብቁ ባሻቸው ፍጥነት ያንቀሳቅሳሉ። አንድ ጠጠር ከተበላ በኋላ ግን ተራ በተራ፣ በእርጋታ ነው። እናንተ ወረራውን ይዛችሁ እርጋታውን ጥላችሁታል።

ስለዚህ ቅዳሜ ከሰዓት ሰሌዳ ይዛችሁ ተገናኙ። በጥንቱ ሰንጠረዥ ዙሪያውን የቆመው ሰው ሁሉ ይጮኽ፣ ይመክር ነበር። ተመልካቻችሁ መጮኽ ካማረው ይጩህ። ስልክና ላፕቶፕ ግን ጨዋታው እስኪያልቅ ይዘጉ። በኢንተርኔት ከሰው ጋር ስትጫወቱም በጎን ስቶክፊሽ ከፍታችሁ አትስረቁ፤ ትያዛላችሁ፣ አካውንታችሁም ይዘጋል።