ያለቀ ነገር ላይ ነው የምጾመው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን አሉ? የምሠራው ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ነው። ቤት አብራኝ የተከራየችው ልጅ ፕሮቴስታንት ናት። እንዋደዳለን፤ ግን ማታ ከሥራ ስንገባ ክርክር አናጣም። «እግዚአብሔር የሚድነውንም የሚጠፋውንም ዓለም ሳይፈጠር ወስኖ ጨርሷል፤ ያንቺ ጾምና ስግደት ምንም አይለውጥም» ትለኛለች። ሮሜ 8ንና 9ንም ታነብልኛለች። መልስ አጣሁ። እውነት ያለቀ ነገር ላይ ነው የምጾመው?

መልስ፦ ሰላመ እግዚአብሔር ይብዛልሽ፣ ልጄ።

መጀመሪያ «እናንተ ጴንጤዎች» ብለሽ እንዳትነሺ። ይህ የሁሉም ፕሮቴስታንት ትምህርት አይደለም። አጥብቀው የያዙት የፕሮቴስታንቱ መምህር የካልቪን ተከታዮች ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1618 እና 1619 ሆላንድ ውስጥ ዶርድሬክት ላይ ጉባኤ ተቀምጠው አጽንተውታል። ሉተራውያን «እግዚአብሔር ለጥፋት የመረጠው ሰው አለ» አይሉም። ጴንጤቆስጤዎችም አብዛኞቹ የሰውን ፈቃድ ይቀበላሉ።

ሮሜ 8፥29 ላይ ጳውሎስ ከመወሰኑ በፊት ማወቁን ያስቀድማል። አባቶቻችንም እንዲህ ይዘውታል፦ እግዚአብሔር ሁሉን አስቀድሞ ያውቃል፤ ማወቁ ግን ማንንም አያስገድድም። የዚያችን የሐሙስ ማታ ነገር እይ። ጌታ ይሁዳ እንደሚሸጠው ተናገረ። ጴጥሮስንም «ዶሮ ሳይጮኽ ሦስት ጊዜ ትክደኛለህ» አለው። ሁለቱም አስቀድሞ ታውቆባቸዋል፤ ሁለቱም አደረጉት። ጴጥሮስ ግን ወጥቶ መራራ ልቅሶ አለቀሰ፤ ይሁዳ ሄዶ ታነቀ። ሰንበት ትምህርት ቤት «ይሁዳ ምን አጠፋ፣ ተጽፎበት አይደል?» የሚል ልጅ አይጠፋም። ጴጥሮስም ተነግሮበት ነበር እኮ!

ሮሜ 9 ከበድ ይላል፤ ጳውሎስ እዚያ ፈርዖንንና ሸክላ ሠሪውን ያነሳል። ፈርዖንን እንውሰድ። «እግዚአብሔር ልቡን አጸና» የሚለው እውነት ነው። ነገር ግን ዘጸአት 8ን ብታነቡ ጓጉንቸሩ ሲወገድለት፣ ዝንቡም ሲሄድለት፣ ልቡን ያደነደነው እሱ ራሱ ነው። የሸክላ ሠሪው ምሳሌም በኤርምያስ 18 አለ። እዚያ እግዚአብሔር «አፈርሰዋለሁ ያልሁት ሕዝብ ከክፋቱ ቢመለስ እኔም እተወዋለሁ» ይላል። ጭቃው በሠሪው እጅ ነው፤ ሠሪው ግን መመለስን የሚጠብቅ ነው።

ጓደኛሽን ከመውቀስሽ በፊት ግን የራሳችንን ቤት እንይ። ስንቱ የእኛ ምእመን ነው ትዳሩ ሲፈርስ ወይ ሥራ ሲያጣ «የአርባ ቀን ዕድሌ ነው» ብሎ እጁን አጣጥፎ የሚቀመጠው? ከካልቪን ጋር የሚከራከርበት ምክንያት የለውም፤ እሱም ቢሆን «ተጽፎብኛል» ባይ ነው። ለእኔ ይሄኛው ይብሳል፤ ከመጽሐፍ አልመጣማ። በአርባ ቀን ወንዱ፣ በሰማንያ ቀን ሴቷ የሚቀበሉት ዕድል ሳይሆን ልጅነት ነው።

አንቺም ስትጠመቂ ምንም አልሠራሽም፤ ምናልባት ተኝተሽ ነበር። ክርስትና እናትሽ ወደ ምዕራብ ዞራ ስለ አንቺ ሰይጣንን ካደች፣ ወደ ምሥራቅ ተመልሳ እምነትን መሰከረች። ጸጋው ቀደመሽ። እዚህ ላይ ጓደኛሽ ልክ ናት፦ መዳን በጾም አይገዛም፣ የሚቀድመው እግዚአብሔር ነው። ነገር ግን ያኔ ስለ አንቺ የተባለውን ዛሬ በራስሽ አፍና እግር የምትፈጽሚው አንቺ ነሽ። ፊልጵስዩስ 2፥12 «መዳናችሁን ፈጽሙ» ይላል፤ ቀጣዩ ቁጥር መፈለጉንም ማድረጉንም በእናንተ የሚሠራ እግዚአብሔር ነው ይላል። ጳውሎስ ሁለቱን አላጣላቸውም፤ እኛ ነን የምናጣላቸው።

ስለ ጾሙ፦ ዮናስ ነነዌ ገብቶ «ብትመለሱ ትድናላችሁ» አላለም። ከተማዋ ትገለበጣለች ብሎ ቁርጡን ነገራቸው። እነሱ ግን ማቅ ለብሰው ጾሙ፤ ማራቸውም። ያለቀ ነገር ቢሆን ኖሮ ቤተ ክርስቲያን በየዓመቱ ጾመ ነነዌን ሦስት ቀን ጹሙ አትለንም ነበር።

ስለ ክርክሩ፦ ደክሟችሁ ስትገቡ አትጀምሩት፣ ነገሩ ወደ እልህ ይሄዳል። ሮሜ 9ን ስታነብልሽ አታቋርጫት። ስትጨርስ «እንቀጥል» በያትና እስከ ምዕራፍ 11 አብራችሁ አንብቡ። ቁጥር 32 ላይ ስትደርሱ ጳውሎስ «እግዚአብሔር ሁሉን ይምር ዘንድ» ይላል። እዚያ ላይ ምን እንደምትልሽ ጻፊልኝ።