አማቴ «እነዚያን ገጾች ዝለያቸው» አሉኝ

ለእትዬ፣

እንደምን ከርመዋል? እኔ የምኖረው ፐርዝ፣ አውስትራሊያ ነው። ነርስ ነኝ። ባለቤቴ የዚሁ አገር ፈረንጅ ነው፤ የዘጠኝ ዓመት ሴት ልጅ አለችን። አማቴ 78 ዓመታቸው ነው። ባለፈው ዓመት ዳሌያቸው ተሰብሮ ከሆስፒታል ሲወጡ እኛ ቤት ሦስት ወር ተቀመጡ። ያጠብኳቸውም ያበላኋቸውም እኔ ስለሆንኩ ነው መሰለኝ፣ ከልጃቸው ይልቅ ለእኔ ይቀርባሉ። እንግሊዝኛ አንቱታ ባይኖረውም በልቤ አንቱ ነው የምላቸው።

ወደ ቤታቸው ሊመለሱ ሲሉ አንድ የብስኩት ቆርቆሮ እጄ ላይ አኖሩ። ውስጡ የአያታቸው የእጅ ጽሑፍ ደብተር ነው። «የሐኪም ጽሑፍ ማንበብ የለመድሽ አንቺ ነሽ፣ በኮምፒውተር ገልብጪልኝ» አሉኝ። በመስከረም የቤተሰቡ ዘር ሁሉ፣ ስድሳ ሰው ገደማ፣ ይሰበሰባል። ለእያንዳንዱ አንድ አንድ ቅጂ ሊሰጥ ነው።

አያትየዋ በ1911 (በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፍልዎ) የ22 ዓመት ሙሽራ ሆና ኪምበርሊ ወደሚባለው ሩቅ ሰሜን ሄደች። እስከ ደርቢ ወደብ በመርከብ፣ ከዚያ በጋሪ 19 ቀን። ባልየው እዚያ የከብት «ስቴሽን» ነበረው። እኔ መጀመሪያ ስሰማ የባቡር ጣቢያ መስሎኝ ነበር። ከመንግሥት በኪራይ የተያዘ የግጦሽ መሬት ነው ለካ፤ ስፋቱ ደግሞ ሰባት አዲስ አበባ ይውጣል። ቅርብ የሚባለው ጎረቤት በፈረስ የሁለት ቀን መንገድ ነው።

እትዬ፣ ደብተሩን ስገለብጥ አልቅሻለሁ። ቤቱ ቆርቆሮ ነው፤ ወለሉ ኩይሳ ተፈጭቶ፣ በውኃ ተለውሶ የተደለደለ። ሥጋው እንዳይበላሽ እርጥብ ጆንያ የለበሰ ሳጥን ውስጥ ይቀመጣል፤ ሌሊት አንሶላውን ውኃ ነክራ ነው የምትተኛው። ዱቄት የሚመጣው በዓመት አንዴ ወይም ሁለቴ ነው፤ ነቀዙን እየነፋች በረመጥ ትጋግረዋለች። ዝናቡ ሲገባ ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ድረስ ሰው የሚባል አይመጣም። ባልየው ከብት ለማሰባሰብ ሲወጣ ወር ሁለት ወር ይቆያል። የመጀመሪያ ልጇን ባኦባብ ዛፍ ሥር በገዛ እጇ ቀብራለች። «ዛሬ ድምፄን ለመስማት ያህል ጮክ ብዬ ቆጠርኩ» የሚል መስመር አለ። እኔ ፐርዝ የመጣሁ ጊዜ፣ የመጀመሪያው ክረምት፣ ከራሴ ጋር በአማርኛ አወራ ነበር። እህቴን ያገኘሁ መሰለኝ።

ደብተሩ ውስጥ ሌላም ሰው አለች። «ልጅቷ» ነው የምትላት። የአገሬው ተወላጅ ናት፤ ከ1912 ጀምሮ በየገጹ አለች፤ ስም ግን የላትም። ውኃ ትቀዳለች፣ ልብስ ታጥባለች። የሚሰጣት ተጽፏል፦ ዱቄት፣ ሻይ ቅጠል፣ ስኳር፣ ትምባሆ፣ በዓመት አንድ ቀሚስ። ገንዘብ የሚል የለም። በ1914 አያትየዋ ሁለተኛውን ልጅ ወለደች፤ ትኩሳት ያዛትና ጡቷ ደረቀ። ልጅቷም የራሷ ጨቅላ ነበራት፤ ሁለቱንም አጠባች። ያ የዳነው ሕፃን የአማቴ አባት ነው።

ከዚያ 1919 ላይ እንዲህ ይላል፦ «ፖሊሱ መጣ። የልጅቷን ልጅ ወሰደ። ቆዳው ቀላ ያለ ስለሆነ አይቀርም ብለውን ነበር። ልጅቷ የውኃው ታንከር ሥር ሦስት ቀን ተቀመጠች። እኔም ዳቦ አልጋገርኩም።» ቀጣዩ ገጽ የሰንጋ ዋጋ ነው።

ለአማቴ ሳነብላቸው ዝም አሉ። ከዚያ «እነዚያን ገጾች ዝለያቸው፤ ዓመት በዓላችን ነው» አሉኝ። ባለቤቴ «እማዬን አታስከፊያት» ይላል። ልጄ ደግሞ አጠገቤ ቆማ ስታነብ «ልጅቷ ስሟ ማን ነው?» አለችኝ። የምመልስላት አጣሁ። እኔ በሰው አገር መጤ ነኝ፤ በሰው ቤተሰብ ጉዳይ ምን አገባኝ እላለሁ። ደግሞ እጄ እንቢ አለኝ፤ ዘልዬ መገልበጥ አልቻልኩም። ምን ይመክሩኛል?

ከፐርዝ

መልስ

እህቴ፣ ገጾቹን አትዝለይ። ይህን አስቀድሜ ልበልና ወደ ኋላ ልመለስ፤ ከባዱ አለመዝለሉ ሳይሆን አማትሽን ሳታጪ እንዴት እንደማትዘልያቸው ነውና።

ታሪክ ሳስተምር ነው ያረጀሁት፤ ትንሽ ታገሺኝ። ኪምበርሊ የገቡት ከብት ነጂዎች በአገራቸው እንደ ጀግና ነው የሚነገርላቸው፤ ጽናታቸውን እኔም አልክድም። የማክዶናልድ ወንድማማቾች በ1883 ከደቡብ ምሥራቅ ተነሥተው፣ አህጉሩን አቋርጠው፣ ከ5,000 ኪሎ ሜትር በላይ ከብት ነድተው በ1886 ነው የደረሱት። ነገር ግን የደረሱበት ቦታ ባዶ አልነበረም። ውኃው የት እንዳለ፣ ወንዙ መቼ እንደሚሞላ የሚያውቅ ባለአገር ነበር። በስቴሽን ሲሠራ ያደገው፣ ቡኑባ ከሚባለው የአገሬው ሕዝብ የተወለደው ጃንዳማራ ከ1894 ጀምሮ እስከተገደለበት እስከ 1897 ድረስ ተዋግቷቸዋል። ከዚያ በኋላ የቀረው ሰው ምርጫ አልነበረውም። ውኃውን ከብት ይዞታል፣ አደኑ ሸሽቷል፤ ራሽን ካለበት ቤት ይጠጋል። ከብቱን የሚያሰባስቡት ፈረሰኞች አብዛኞቹ እነሱ ነበሩ፤ ጓዳውንም የያዙት እነሱ።

ደመወዝ ለምን እንዳልተጻፈ ገርሞሻል። ፐርዝም ኪምበርሊም ያሉበት ግዛት፣ የዌስተርን አውስትራሊያ የ1905 ሕግ አሠሪው ፈቃድ እንዲያወጣ እንጂ ደመወዝ እንዲከፍል አያስገድድም ነበር። ይኸው ሕግ ነው «ዋና ጠባቂ» የተባለውን ሹም የአገሬው ተወላጅ ልጆች ሁሉ እስከ 16 ዓመታቸው ሕጋዊ አሳዳጊ ያደረገው። እናት እያለች አሳዳጊው ሹሙ ነው! ፖሊሱ በፈረሱ የመጣው ይህን ይዞ ነው፤ የሚፈለጉትም በተለይ ቀላ ያሉት ነበሩ። በ1997 የወጣው የአገሪቱ የምርመራ ሪፖርት ከ1910 እስከ 1970 ባለው ጊዜ ከአሥር የአገሬው ተወላጅ ልጅ ቢያንስ አንዱ፣ ቢበዛ ከሦስት አንዱ ከቤተሰቡ እንደተነጠቀ ገምቷል። የዚያን ጊዜው ጠቅላይ ሚኒስትር በ2008 በፓርላማ ይቅርታ ጠይቀዋል። ስለዚህ አማትሽ የሚፈሩት ነገር አገር ያወቀው ነው፤ እዚያ ስብሰባ ላይ ከሚመጡት ስድሳ ሰዎች ትምህርት ቤት የተማሩት ወጣቶች በሙሉ ያውቁታል።

የሚፈሩት ሌላ ነገር ካልሆነ ማለቴ ነው። «ቆዳው ቀላ ያለ» የሚለውን መስመር አንቺ ጻፍሽው እንጂ ምንም አላልሽበትም፤ እኔም አልልበትም። ግን አማትሽ ዝም ያሉት እዚያ መስመር ላይ ይመስለኛል። የልጁ አባት ማን እንደነበረ ደብተሩ አይናገርም፤ ሊሆን የሚችለው ብዙ ነው፣ አንቺም አታውቂም። ስለዚህ አንድ ቃል እንኳ ከራስሽ አትጨምሪ፣ በግርጌም ቢሆን፣ ለባለቤትሽም በሹክሹክታ ቢሆን። የተጻፈውን እንደተጻፈ። እኚህን ሴት የምትጠብቂያቸው በዚህ ነው፤ ገጽ በመዝለል አይደለም።

አሁን ወደ አነጋገሩ። ባለቤትሽ በሌለበት ቀን ሂጂ፤ ወንድ ልጅ ካለ እናት ሁሉ ትጠነክራለች። ሻይ አፍሊ። የፖሊሱን ገጽ አትክፈቺ። የ1914ቱን ክፈቺ፤ ትኩሳቱን፣ ጡት መድረቁን፣ ሁለቱን ሕፃናት። ቀስ ብለሽ አንብቢላቸው። ከዚያ በእኛ አገር እንዲህ ዓይነቷ ሴት ምን እንደምትባል ንገሪያቸው። የጡት እናት ናት። እዚያ ደረት ላይ አብረው የጠቡ ሁለት ልጆች ወንድማማች ናቸው፤ የአባታቸው የጡት ወንድም ነው በአምስት ዓመቱ ፈረስ ላይ የተጫነው። ፈረንጅ ለዚህ ዝምድና ብዙ ቦታ አይሰጥም፤ አንቺ ግን ከእናትሽ ቤት ይዘሽው መጥተሻል፤ ለአማትሽ ስጪያቸው። «መጤ ነኝ» አልሽ፤ እዚያ ማዕድ ላይ ይህን ቃል የምታውቂው አንቺ ብቻ ነሽ።

ከዚያ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቂያቸው፦ «አባትዎ ስለ እሷ ያወሩልዎት ነገር ነበር?» ያቺ ሴት ያጠባችው ሰው ያሳደጋቸው እሳቸው ናቸው። ስሟን ሰምተው ሊሆን ይችላል። ምናልባት በሕይወት ካሉት ሰዎች የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ይሆናሉ፤ 78 ዓመት ደግሞ 78 ዓመት ነው። ከመስከረሙ ስብሰባ ይልቅ ይህ ነው የሚያስቸኩለኝ።

ባይሆንስ? «አይሆንም» ካሉ ደብተሩ የእሳቸው ነው። ተደብቀሽ ለማንም አትላኪ፤ በስብሰባው ቀንም ተነሥተሽ እንዳታነቢ። በአደባባይ የተዋረደች አማት አትመለስም። ሙሉውን ገልብጪና ለእሳቸው አስረክቢ፤ ለእንግዶች የትኛው ገጽ ይታተም የሚለውን ይወስኑ። አንድ ነገር ላይ ግን አትለዘቢ፤ የተቀነሰ ከሆነ ሽፋኑ ላይ «ከደብተሩ የተመረጡ ገጾች» ይባል። ሙሉ ነው ብለሽ ግማሹን አትስጪ። የእያንዳንዱን ገጽ ፎቶም አንሺ፤ የ1911 ቀለም እየደበዘዘ ይሄዳል።

እሺ ካሉ ደግሞ ሥራው ከመስከረም በኋላም አለ። አንድ ፖሊስ አንድ ቀን አንድ ልጅ መውሰዱን የጻፈ ሰው ብዙ የለም። ያ ደብተር ዘመዱን ለሚፈልግ አንድ ቤተሰብ የጠፋበት ቁልፍ ሊሆን ይችላል። ከኪምበርሊ የተወሰዱ ብዙ ልጆች ከብሩም ከተማ በስተሰሜን ቢግል ቤይ የሚባል የካቶሊክ ሚሲዮን ገብተዋል። የሴትየዋ ዘሮች ግን መሬቱ ላይ ላይገኙ ይችላሉ። የስቴሽን ሠራተኞች እኩል ደመወዝ ይከፈላቸው የሚለው ውሳኔ በ1968 መጨረሻ ሥራ ላይ ሲውል፣ ብዙ ባለስቴሽኖች ከመክፈል ማባረርን መርጠዋል፤ ሕዝቡ ፊትዝሮይ ክሮሲንግና ሆልስ ክሪክ በመሳሰሉት ከተሞች ዳርቻ ሰፈረ። እዚያው ፐርዝ የግዛቱ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ባቲ የሚባል የታሪክ ክፍል አለ፤ የተነጠቁ ልጆችን ከዘመዶቻቸው የሚያገናኝ ሊንክ አፕ የሚባል አገልግሎትም አለ። አማትሽን ይዘሻቸው ሂጂ። ብቻሽን አትሂጂ፤ በሩን የሚከፍቱት እሳቸው ይሁኑ።

የራሽኑን ዝርዝርም እንዳትንቂው። ዱቄት፣ ሻይ፣ ስኳር፣ ትምባሆ የሚለው መስመር ጥቃቅን ይመስላል። በ1946 ከኪምበርሊ በታች ባለው በፒልባራ 800 የሚሆኑ የስቴሽን ሠራተኞች ሥራ አቁመው የወጡት ከዚህ መስመር ነው። የግዛቱ መንግሥትም ከ1936 እስከ 1972 ላልተከፈለ ጉልበት እስከ 180 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል የተስማማው ገና በ2023 ነው።

ስለ አያትየዋ የተሰማሽን ፍቅር አታፍሪበት። ዳቦ ያልጋገረችበት ቀን እውነት ነው፤ ብዙ ሴቶች ጋግረው ይውሉ ነበር። ስሟን አለመጻፏም እውነት ነው። እኔ ይህን ስጽፍልሽ የአያቴ ጓዳ ፊቴ ላይ ተደቅኗል። እንጀራ የምትጋግረው ሴት ማሚቴ ነበር የምትባለው። ከእሷ በፊት የነበረችውም ማሚቴ ነበረች፤ በኋላ የመጣችውም። አዝላኝ ቤተ ክርስቲያን ትወስደኝ ነበር፤ ትከሻዋ የሚሸተው ጭስ እስከ ዛሬ ይታወቀኛል። ስሟን የምጠይቀው ሰው አሁን የለኝም። አንቺ ግን አለሽ፤ ዳሌያቸው ድኖ ቤታቸው ተቀምጠዋል።

በሚቀጥለው እሑድ ሂጂ። ስሟን ካገኘሽው ለእኔ ከመጻፍሽ በፊት ለልጅሽ ንገሪያት፤ የጠየቀችው እሷ ናት።