ካሜራው አለ፣ ፎቶው ግን እዚያው ነው፦ ጥያቄና መልስ

ፎቶ ማንሳትን ለፍቅሩ ብላችሁ ለያዛችሁት ነው። ጥያቄያችሁን ላኩ ብዬ ነበር፣ ደጋግማችሁ ካነሳችኋቸው እጀምራለሁ።

ዩቲዩብ ላይ ያላየሁት ቪዲዮ የለም። ፎቶዬ ግን አልተሻሻለም። ምን ጎደለኝ?

የቤት ሥራ። ቪዲዮውን ለጊዜው ተወውና ለአንድ ወር በሳምንት አንድ ነገር ብቻ ያዝ። መጀመሪያ አፐርቸር፣ ማለትም ብርሃን የሚገባበት የሌንሱ ቀዳዳ፤ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል። ጀበናውን መስኮት አጠገብ አስቀምጥና በ1.8፣ በ4፣ በ8 እና በ16 አንሳው። ጀርባው እንዴት እንደሚለወጥ ጎን ለጎን አድርገህ እይ። በሁለተኛው ሳምንት ሻተር፣ ማለትም ካሜራው ለብርሃን ክፍት ሆኖ የሚቆይበት ጊዜ፦ የሚያልፍ ታክሲ በ1/500 ሰከንድ ቀጥ ይላል፣ በ1/30 ይፈስሳል። ሦስተኛው አይኤስኦ፣ ማለትም ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት፣ ማታ ቤት ውስጥ። በአራተኛው ቁጥሩን እርሳውና አንዱን ግድግዳ ጠዋት፣ ቀትር ላይና አመሻሽ ላይ አንሳ። አሰልቺ ነው፣ አልዋሽህም። ግን እጅህ የሚለምደው እንዲህ ነው።

እናቴን በነጭ ነጠላ ሳነሳት ፊቷ ይጠቁራል። ካሜራዬ ተበላሽቶ ይሆን?

ካሜራሽ ደህና ነው፣ የተታለለው የብርሃን መለኪያው ነው። ካሜራ ፊቱ ያለው ነገር ሁሉ በአማካይ ግራጫ ይመስለዋል። ነጠላው ፍሬሙን ሲሞላው «ብርሃኑ በዛ» ብሎ ይቀንሳል፤ ፊቷም አብሮ ይጨልማል። መፍትሔው ካሜራው ላይ የመደመርና የመቀነስ ምልክት ያለበት ቁልፍ ነው። አንድ ደረጃ ጨምሪና አንሺ። ከዚያ ስክሪኑን አጉልተሽ ጥለቱንና ሸማውን እይ። የክሩ አሠራር ጠፍቶ ነጭ ወረቀት ከመሰለ ትንሽ መልሺው። ጸሐይ ላይ ካቆምሻት ደግሞ ሁለቱንም ማትረፍ ከባድ ነው። በር ላይ፣ ጥላው ውስጥ፣ ፊቷን ወደ ውጭ አዙረሽ አስቀምጫት። በነገራችን ላይ ጥቁር ካባ የለበሰ ሰው ስታነሺ ነገሩ ይገለበጣል፤ ያኔ ትቀንሻለሽ።

ምን ሌንስ ልግዛ?

50 ሚሊሜትር፣ አፐርቸሩ እስከ 1.8 የሚከፈት። ከሌሎቹ አንጻር ርካሽ ነው፣ ጨለማም አይፈራም። ሴንሰሩ (ምስሉን የሚቀበለው ክፍል) አነስ ያለ ካሜራ ካለህ ግን ጠባብ ሳሎን ውስጥ ግድግዳ እስክትነካ ወደኋላ ያስኬድሃል። እንደዚያ ከሆነ 35 ይሻልሃል።

ፈረንጆቹ ስለ «ወርቃማው ሰዓት» ያወራሉ። እኔ ካሜራዬን ሳወጣ ያልቃል!

ልክ ነሽ፣ ጸሐይ ልትጠልቅ ስትል ያለው ያ ሰዓት እኛ ጋ አጭር ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው የምትርቀው። ጸሐይ በሰያፍ ሳትሆን ቁልቁል ነው የምትወርደው። ያ ለስላሳ ወርቃማ ብርሃን ግማሽ ሰዓት ቢቆይ ነው፤ ሰሜን አውሮፓ በበጋ ግን ረዘም ይላል። ስለዚህ ቦታሽን ቀን መርጠሽ፣ 11 ሰዓት ላይ ተዘጋጅተሽ ጠብቂ። ክረምት ላይ ደግሞ ካሜራውን ቁም ሳጥን ውስጥ አትቆልፊበት። ደመናው ብርሃኑን አለስልሶ ስለሚበትነው ለፊት ፎቶ የሚሆን ነው።

በሞባይል ብቻ መማር ይቻላል?

እንዴታ። ስክሪኑ ላይ የምታነሳውን ሰው ፊት በጣትህ ጫን አድርገህ ያዝ፣ ፎከሱ ይቆለፋል፤ ከዚያ ጣትህን ወደ ላይ ወደ ታች እያንሸራተትክ ብርሃኑን አስተካክል። ዙም አታድርግ፣ በእግርህ ቅረብ።

ጓደኞቼ ሁሉ «ዋው» ይሉኛል። እውነቱን ከማን ልስማ?

«ዋው» ደስ ይላል፣ አያስተምርም። የባለሙያ ሥራ ፊት ተቀመጪ። ለምሳሌ በ2010 እ.ኤ.አ. አዲስ ፎቶ ፌስት የተባለውን የፎቶ ፌስቲቫል የመሠረተችውን የፎቶግራፍ ባለሙያዋን የአይዳ ሙሉነህን አንድ ፎቶ ክፈቺና ሦስት ነገር ጻፊ፦ ብርሃኑ ከየት መጣ? ቀለሞቹ ስንት ናቸው? ከፍሬሙ ውጭ ምን ቀረ? ቀዩ፣ ቢጫውና ሰማያዊው በአጋጣሚ እንዳልተገናኙ ታያለሽ። ከዚያ ያንኑ ብርሃን ቤትሽ ሞክሪው። ለልምምድ መኮረጅ ነውር የለውም፣ የራሴ ነው ብለሽ እስካልለጠፍሽው ድረስ።

መንገድ ላይ ሰው ማንሳት እፈራለሁ።

ጠይቅ። መርካቶ ውስጥ ሰላምታ ሰጥተህ፣ ዕቃ ገዝተህ «አንድ ፎቶ ላንሳዎት?» ብትል ብዙው ሰው እሺ ይላል። እምቢ ካለ አመስግነህ እለፍ። ጥበቃ ያለበት መሥሪያ ቤት አካባቢ ግን ካሜራህን ቦርሳህ ውስጥ ክተት፣ ክርክሩ አያዋጣም።

ኤዲት ማድረግ ማጭበርበር ነው?

አይደለም። ግን ጠዋት የተነሳ ፎቶ ማታ ባይታረም ይሻላል። አንድ ቀን አሳድረውና እየው፤ ያኔ የትኛውን እንደምትሰርዘው አይቸግርህም።