ጫቱን አይታችሁ ጨብሲውን እንዳትረሱት (የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ)

ጥያቄ፦ ሰላም፣ የምጽፍልሽ ከድሬ ነው፣ ሳቢያን። ታናሽ ወንድሜ 28 አመቱ ነው፣ ባጃጅ ይነዳል፣ ይነዳ ነበር ብል ይሻላል። ድሮም ይቅማል፣ አሁን ግን ጠዋት ኢጀበና (የጠዋት ጫት) ካላለ ከአልጋው አይነሳም፣ ከሰአት በርጫ ነው፣ ማታ ደሞ ጨብሲ ብሎ አረቄውን ካልጠጣ አይተኛም። ጠዋት ጠዋት እጁ ይንቀጠቀጣል። ከጥምቀት ወዲህ ደሞ ጎረቤት እንደሚያማው፣ ከለገሃሬ እስከ ቤት ድረስ ሰው እንደሚከታተለው ይነግረናል፣ መስኮቱን በብርድ ልብስ ሸፍኖታል። ሰፈር ውስጥ ጀዝባ ነው የሚሉት። እማዬ ጸበል እንውሰደው ትላለች፣ ታላቅ ወንድማችን ደሞ ክፍል ውስጥ ቆልፈንበት ሁለት ሳምንት ምንም ሳይቀምስ ቢቀመጥ ይወጣለታል ብሎ ቅዳሜ ሊጀምር ነው። አብዷል ወይስ ጫቱ ነው? እንቆልፍበት?

መልስ፦ አቦ እህቴ፣ ከቅዳሜው ልጀምር፣ አትቆልፉበት። ታላቅ ወንድምሽ ክፋት አስቦ እንዳልሆነ ይገባኛል፣ የጨነቀው ሰው ነው፣ ግን ከጻፍሽው ሁሉ እኔን ያስደነገጠኝ ጫቱ ሳይሆን "ጠዋት ጠዋት እጁ ይንቀጠቀጣል" ያልሽው ነው።

እኛ ጋ የሁሉም አይን ጫቱ ላይ ነው፣ ጨብሲውን ምርቃና መስበሪያ ነው ብለን እናልፈዋለን እንጂ ራሱን የቻለ ሱስ አድርገን አንቆጥረውም። ጫት በአንድ ቀን ቢቆም ሰውየው ይደብተዋል፣ ይነጫነጫል፣ ቀኑን ሙሉ ይተኛል፣ ዱካክ (የሌሊት ቅዠት) ይይዘዋል፣ ከባድ ነው ግን በራሱ ለሞት የሚያደርስ ነገር አይደለም። መጠጥ እንደዛ አይደለም። ለረጅም ጊዜ በየቀኑ ብዙ የጠጣ ሰው ድንገት ሲያቆም በመጀመሪያው ቀን ያልበዋል፣ ያቅለሸልሸዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ በ48 ሰአት ውስጥ እንደ ሚጥል በሽታ ሊጥለው ይችላል፣ ከ2ኛው እስከ 4ኛው ቀን ደሞ የሌለ ነገር ሊያይ፣ ያለበትን ቦታ ሊስት፣ ሊያተኩሰው ይችላል፣ ካልታከመ ሰው ይሞትበታል። ይሄ ሁሉ በተቆለፈ በር ውስጥ ሲሆን አስቢው፣ እናንተ ውጭ ሆናችሁ ጩኸቱን ስትሰሙ ሱሱ እየለቀቀው ነው ብላችሁ ትጽናናላችሁ።

ስለዚህ ቅዳሜን ሳትጠብቁ ድል ጮራ ሆስፒታል ውሰዱትና የአእምሮ ሕክምና ክፍሉን ጠይቁ፣ እዛ እስክትደርሱ መጠጡን በጉልበት አታስቁሙት። ስትገቡ በቀን ምን ያህል እንደሚጠጣና መጨረሻ የጠጣው መቼ እንደሆነ ሳትደብቁ ንገሩ፣ ብዙ ቤተሰብ አፍሮ "ጫት ብቻ ነው" ይላል፣ ሀኪሙም በሰማው ነው የሚያክመው። ብዙ ጊዜ ዲያዜፓም የሚባል የሚያረጋጋ መድኃኒት በክትትል እየቀነሱ ይሰጡታል፣ ቫይታሚን ቢ1 ይጨምሩለታል። ዲያዜፓሙን ግን ከፋርማሲ ገዝታችሁ ቤት እንዳትሰጡት፣ ከአረቄ ጋር ከተደባለቀ ትንፋሽ ሊያቆም ይችላል። ሌላ አንድ ነገር፣ ሰው ሲደክምብን ክሊኒክ ወስደን ግሉኮስ ማስሰቀል እንወዳለን አይደል፣ በመጠጥ የተጎዳ ሰው ቢ1 ሳይወስድ ግሉኮስ ብቻ ከገባለት አእምሮው ሊጎዳ ስለሚችል ጠጪ መሆኑን አስቀድማችሁ ተናገሩ።

አብዷል ወይ ላልሽው፣ ይሄ በደብዳቤ አይለይም፣ ግን እንዲህ አስቢው። ጫት ውስጥ ካቲኖን የሚባል ነገር አለ፣ እ.ኤ.አ. በ1975 ነው የተለየው፣ ስራው አምፌታሚን ከሚባለው አነቃቂ ዕፅ ጋር ይመሳሰላል። ቅጠሉ ሲደርቅ ይሄ ነገር ስለሚቀንስ ነው ከአወዳይ ትኩሱን በሩጫ የሚያመጡት። ጠዋት ከሰአት እየቃመ እንቅልፍ ያጣ ሰው መጠርጠር፣ ድምፅ መስማት፣ ተከተሉኝ ማለት ሊጀምር ይችላል፣ ጫቱ ቆሞ እንቅልፍ ሲመለስ በብዙዎች ላይ በቀናት ወይም በጥቂት ሳምንታት ይለቃል። መጠጥ ሲቋረጥም ተመሳሳይ ነገር ሊመጣ ይችላል። ካልለቀው ግን ከስር ራሱን የቻለ የአእምሮ ሕመም ሊኖር ይችላል፣ ለሱም መድኃኒት አለው፣ መድኃኒቱን እየወሰደ ከቃመ ደሞ በሽታው ሊያገረሽበት ይችላል። ጫቱ ይሁን በሽታው ለመለየት ጊዜና ክትትል ያስፈልጋል፣ አንድ ቀን አይቶ "ንክ ነው" የሚል ሰው አትስሙ።

እስከዛ "ማንም አይከተልህም፣ ዝም በል" እያላችሁ አትሟገቱት፣ አያምናችሁም፣ እናንተንም ከሚከተሉት ይቆጥራችኋል። "አዎ ልክ ነህ" ብላችሁም አታባብሱት። "እኔ አላየሁም፣ ግን አንተ እየፈራህ ነው፣ እንቅልፍም አጥተሃል፣ ለእንቅልፍህ ሀኪም እንይ" በይው፣ ለእንቅልፉ ሲባል እሺ የሚሉ ብዙ ናቸው። መሞት ያምረው እንደሆነም በግልፅ ጠይቂው፣ መጠየቅ ሀሳቡን አይከትበትም። ራሴን አጠፋለሁ ካለ፣ ሰው ሊጎዳ ከተነሳ ወይም ከጣለው የዛኑ ሰአት ድንገተኛ ክፍል ነው።

እማዬን ደሞ አትጋፏት፣ ጸበሉም ይሂድ፣ መድኃኒቱ ግን እዛ ሆኖም አይቋረጥ፣ በሰንሰለትም አይታሰር። ጀዝባ የሚለው ስም እናንተ ቤት ውስጥ እንዳይጠራ። ሰው በስሙ እየተሸማቀቀ ሀኪም ቤት አይሄድም፣ ሲብስበት ጫት ቤት ይገባል፣ እዛ ማንም አይሰድበውም። ከታከመ በኋላ አንድ ቀን ቅሞ ቢመጣ ደሞ "በቃ አልዳነም" አትበሉ፣ በዚህ ሕመም መውደቅና መነሳት የተለመደ ነው፣ የዛኑ ሳምንት ወደ ክትትሉ መልሱት።

ጥያቄ፦ ሐረር ሸዋ በር አካባቢ ሱቅ አለኝ። ከሸዋል ኢድ ወዲህ ጫት አልነካሁም አልሀምዱሊላህ። ግን ሌሊት ዱካኩ ሊገለኝ ነው፣ ቀን ይደብተኛል፣ ደንበኛ ሲያናግረኝ እናደዳለሁ። ከስምንት ሰአት በኋላ ደሞ ወዴት እንደምሄድ አላውቅም፣ ጓደኛ ሁሉ በርጫ ላይ ነው። ትንሽ ትንሽ እየቃምኩ ባስታግሰውስ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ማሻ አላህ፣ ትልቅ ነገር ነው የሰራኸው። ጫትን የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1980 ሱስ ሊያስይዙ ከሚችሉ ነገሮች ውስጥ ከቶታል፣ ስለዚህ ሀራራ ሲይዝህ ወኔህ ደካማ ሆኖ አይደለም። ዱካኩ ያስፈራል እንጂ አይጎዳህም፣ ለብዙ ሰው እንቅልፉ ሲስተካከል እየቀነሰ ይሄዳል። ከአስር ሰአት በኋላ ቡናና ሻይ ተው፣ በተወሰነ ሰአት ተኛ፣ ቀን ረጅም እንቅልፍ አትተኛ።

"ትንሽ ትንሽ" የምትለውን ግን እኔ አልመክርህም። በየቀኑ ይቅም የነበረ ሰው ትንሹ ትንሽ ሆኖ ብዙም አይቆይለትም፣ ያንን አንተም ከጓደኞችህ አይተኸዋል። ትልቁ ችግርህ ከስምንት እስከ አስራ አንድ ያለው ሰአት ነው። በርጫ እኮ ቅጠል ብቻ አይደለም፣ ወሬው፣ ሳቁ፣ የሱቅ እቃ ዋጋ ሳይቀር የምትሰማው እዛ ነው፣ እሱን አጥተህ ባዶ ቤት ብትቀመጥ ማንም ሰው ይደብተዋል። ሱቅህን በዛ ሰአት ክፍት አድርገው፣ እቃ መጫንና ሂሳብ መስራት ወደዛ አዙር፣ ካቆሙ ሰዎች አንድ እንኳን ፈልግና አስር ላይ ተገናኙ፣ ሶላታችሁን አብራችሁ ስገዱ። ለቅሶና ሰርግ ላይ ሂድ፣ መቃሙ ሲጀመር ግን ተነስ፣ መሄጃህን ቀድመህ ተናግረህ ግባ እንዳያስቀሩህ።

ድብርቱ ከሁለት ሳምንት በላይ በየቀኑ ከቀጠለ፣ ምግብ ካስጠላህ ወይም መኖር ከሰለቸህ ግን ይሄ ሀራራ ብቻ ላይሆን ይችላል፣ ሕይወት ፋና ሆስፒታል ሄደህ የአእምሮ ሕክምና ክፍል ታይ። አንዳንዱ ሰው ቀድሞ ተደብቶ ነው ጫት የጀመረው፣ ሲያቆም የድሮው ይወጣል፣ ያ ደሞ ይታከማል። ጫቱን ከተውክ ወዲህ ሲጋራ ወይም የእንቅልፍ ኪኒን ጨምረህ ከሆነ እሱንም ንገራቸው።