ለከባድ ፒክአፕ አሞርዛተር ሲመርጡ

ጥያቄ፦ በናፍጣ የሚሠራ ፎርድ ኤፍ 250 ፒክአፕ አለኝ። በሳምንት አንድ ጊዜ ከባድ ተሳቢ እጎትትበታለሁ፤ በቀሩት ቀናት የምነዳው ባዶውን ነው። ባዶ ሲሆን ኮሮኮንች ላይ ኋላው እየዘለለ ወደ ጎን ይሸሻል። ተሳቢው ሲያያዝ ደግሞ ኋላው ዝቅ፣ ፊቱ ቀና ይላል። አሞርዛተሮቹን እንድቀይርና ከተገኘው ሁሉ ጠንካራውን እንድገዛ ተመክሬያለሁ። የትኛው ይሻለኛል?

መልስ፦ የነገሩኝ ሁለት የተለያየ ችግር ነው። አሞርዛተር የሚፈታው አንዱን ብቻ ነው፤ እሱንም ቢሆን ጠንካራውን በመግዛት አይደለም።

ከኋላው ዝቅ ማለት ልጀምር። ክብደት የሚሸከመው ባሌስትራው፣ ማለትም አክስሉ ላይ የታሰረው ተጣጣፊ የብረት ድርብርብ ነው። አሞርዛተሩ ሥራው ባሌስትራው ተጨምቆ ሲመለስ እየተወዛወዘ እንዳይቀጥል ማብረድ ነው፤ የውዝዋዜውን ጉልበት በውስጡ ባለው ዘይት አማካይነት ወደ ሙቀት ይለውጠዋል። መኪናው ቆሞ ጭነት ሲያርፍበት አሞርዛተሩ ይህ ነው የሚባል ነገር አይሸከምም። ስለዚህ የትኛውንም ቢገጥሙ ተሳቢው ሲያያዝ ኋላው መውረዱ አይቀርም። መጀመሪያ ተሳቢው መንጠቆው ላይ የሚያሳርፈውን ክብደት ይመዝኑ። ለተለመደው ተሳቢ ከጠቅላላ ክብደቱ ከ10 እስከ 15 በመቶ ያህሉ ነው መንጠቆው ላይ ማረፍ ያለበት። ከዚያ ከበለጠ ጭነቱን ወደ ተሳቢው ኋላ ገፋ ያድርጉት። ልኩ ትክክል ሆኖም ኋላው በጣም ከወረደ ክብደቱን ወደ ፊት እግር የሚያካፍል መንጠቆ ወይም ባሌስትራውን የሚያግዝ የአየር ከረጢት ያስገጥሙ። ሁለቱም ቢሆኑ በር ላይ በተለጠፈው ወረቀት የተጻፈውን የክብደት ጣሪያ ከፍ አያደርጉም፤ ይህን እባክዎ አይርሱ።

ወደ መዝለሉ ስንመጣ፣ ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት የጎማውን ንፋስ ይለኩ። ለተሳቢው ብለው የኋላ ጎማዎችን 80 ፒኤስአይ ሞልተው ሳምንቱን ሙሉ ባዶውን የሚነዱ ከሆነ ጎማው ራሱ ነው የሚያነጥረው። በር ላይ ካለው ወረቀት ጋር ያስተያዩትና ያስተካክሉት። ይህን ሳያዩ አራት አሞርዛተር የገዙ ሰዎች መኪናቸው ያው ሲሆንባቸው አይቻለሁ፤ ያሳዝናል።

ንፋሱ ደህና ከሆነ አሞርዛተሩን ይመርምሩ። የመኪናውን ኋላ በእጅ ተጭኖ መልቀቅ እንደ እርስዎ ላለ መኪና አይሠራም፤ ባሌስትራው ጠንካራ ስለሆነ ሰው ቢጫነው ንቅንቅ አይልም። ዘንጉ በሚገባበት በኩል ስስ የዘይት ወዝ መታየቱ አያሳስብም። ዘይቱ እስከ ታች ወርዶ አቧራ ከጋገረበት ግን አብቅቶለታል። እኔ በጣም የምተማመነው በሙቀት ነው። ኮሮኮንች ላይ ከ10 እስከ 15 ኪሎ ሜትር ነድተው ይቁሙና፣ ሊያቃጥል ስለሚችል በጥንቃቄ፣ መጀመሪያ በእጅዎ ጀርባ ጠጋ ብለው ይሞክሩት። በአንድ አክስል (ግራና ቀኝ ጎማዎችን በሚይዘው ዘንግ) ላይ ያሉት ሁለቱ ተቀራራቢ ሙቀት ሊኖራቸው ይገባል። አንዱ ሞቆ ሌላው ቀዝቃዛ ከሆነ ቀዝቃዛው ሥራ አቁሟል። መዳፍዎን በጎማው ጥርስ ላይ ዙሪያውን ያስኪዱት፤ እዚህ ጎድጎድ፣ እዚያ ከፍ ካለ ጎማው መንገዱን እየለቀቀ ሲያርፍ መቆየቱን ያሳያል።

አሁን ምርጫው። የእርስዎ ባሌስትራ የተሠራው ለከባድ ጭነት ነው፤ ባዶ ሲሆን ኋላው ላይ ያለው ክብደት ደግሞ ትንሽ ነው። በዚህ ላይ ሲጨመቅ እምቢ የሚል አሞርዛተር ከጨመሩበት፣ ጎማው ጉብታ ሲያገኝ ወደ ላይ መሰብሰቡ ቀርቶ የመኪናውን ኋላ ይዞት ይነሳል። ኮሮኮንች ላይ ይህ በላይ በላዩ ሲደጋገም ጎማው አየር ላይ ይቆያል፤ ኋላው ወደ ጎን ይሸሻል። ጠንካራውን ቢገዙ የሚብሰው ያማረሩት ነገር ራሱ ነው።

የሚያስፈልግዎ በዝግታ ሲንቀሳቀስ ጠበቅ፣ በፍጥነት ሲመታ ለቀቅ የሚል ቫልቭ (የዘይቱ ማለፊያ) ያለው ነው። ፍሬን ሲይዙ ማጎንበሱ፣ ተሳቢው ሲያወዛውዝዎት የሚሰማዎት ሁሉ የአሞርዛተሩ ፒስተን ቀስ ብሎ የሚሄድበት ነው፤ እዚያ ላይ ጥብቅ ይሁን። ጉድጓድና ኮሮኮንች ግን ፒስተኑን በፍጥነት ነው የሚገፉት፤ እዚያ ዘይቱ ቶሎ ማለፍ አለበት። ሻጩን «ጠንካራ ነው ወይ?» ብለው ሳይሆን ይህን ነው መጠየቅ ያለብዎት።

በአሠራርም ይለያያሉ። ባለ ሁለት ቱቦው (ቱቦ ውስጥ ሌላ ቱቦ ያለው) ርካሽ ነው፤ ነገር ግን በብዛት በሚሸጠው ዓይነት ዘይቱና ጋዙ የሚለያቸው ነገር ስለሌለ ኮሮኮንች ላይ ብዙ ሲመታ ዘይቱ አረፋ ይሠራል፣ ፒስተኑም አረፋውን ሰንጥቆ ያልፋል። ባለ አንድ ቱቦው ናይትሮጅኑን በተንሳፋፊ ፒስተን ለይቶ ስለሚይዝ፣ ቱቦውም በቀጥታ ንፋስ ስለሚያገኘው፣ ረጅም መንገድ ላይ አይደክምም። ድክመቱ ድንጋይ ነው። ፒስተኑ የሚሄደው በውጪው ቱቦ ግድግዳ ላይ ስለሆነ ቱቦው በድንጋይ ከተሰረጎደ ሊጣበቅ ይችላል።

ለእርስዎ እኔ ባለ አንድ ቱቦውን እመርጣለሁ። የመኪናው ከፍታ ካልተነካ ቢልስታይን የተባለው አምራች 4600፣ ከፍ ተደርጎ ከሆነ ደግሞ 5100 ልክዎ ናቸው። ራንቾ 9000 በእጅ የሚዞር ባለ 9 ደረጃ ማስተካከያ አለው፤ ተሳቢ ሲጎትቱ ማጥበቅ፣ ባዶውን ሲሆኑ ማላላት ይችላሉ። በየሳምንቱ መኪናው ሥር ገብተው ለማዞር ከተዘጋጁ ጥሩ ነው። አብዛኛው ሰው ግን አንዴ አዙሮ ይረሳዋል፣ ጭቃም ያደርቀዋል።

መኪናው ከፍ ተደርጎ ከነበረ ርዝመቱን ሳይለኩ አይዘዙ። አንዴ አክስሉን አንጠልጥለው፣ አንዴ እስከ መጨረሻው ተጨምቆ በላይኛውና በታችኛው ማሰሪያ መሃል ይለኩ። አጭር ከሆነ አክስሉን አሞርዛተሩ ራሱ አንጠልጥሎ ይይዝና ይበጠሳል፤ ረጅም ከሆነ ውስጡ ተጋጭቶ ይሰበራል። ሲቀይሩ በአክስል ጥንድ ጥንዱን ይቀይሩ።

ገጠማው ላይ ዘንጉን በፒንሳ አይያዙ፤ ጭረቱ ኦይል ሲሉን (ዘይቱ እንዳይወጣ የሚያግደውን ላስቲክ) ይበላዋል። ባለ ሁለት ቱቦ ከገዙ ከመግጠምዎ በፊት አቁመው ጥቂት ጊዜ ሳብ ለቀቅ ያድርጉትና አየሩን ያስወጡ። ቡሽ (በማሰሪያው ውስጥ ያለ የላስቲክ ማቀፊያ) ያለባቸውን ብሎኖች መጨረሻ የሚያጠብቁት መኪናው ከክሪክ ወርዶ በጎማው ከቆመ በኋላ ነው። ተንጠልጥሎ ሳለ ካጠበቋቸው ቡሹ እንደተጠማዘዘ ይቀርና ቶሎ ይቀደዳል። የድሮው ብሎን ዝጎ እምቢ ካለ በመጋዝ ያስቆርጡት እንጂ እሳት አያስነድዱበት፤ አጠገቡ ያለው ቱቦ በግፊት የታመቀ ጋዝ ይዟል።