ቴሌግራም ላይ የተላከልኝን ሁሉ ልግዛ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ጀሞ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነው የምንኖረው፤ እኔ፣ ሁለት ልጆቼና ደም ግፊት ያለባቸው እናቴ። በ2017 ዓ.ም. የአዋሽ ፈንታሌው የመሬት መንቀጥቀጥ እኛ ቤት ድረስ መጥቶ ካወዛወዘን ወዲህ ሐሳብ ገብቶኛል። ጓደኛዬ በቴሌግራም ረጅም ዝርዝር ላከችልኝ፦ ድንኳን፣ የሶላር ቻርጀር፣ የታሸገ ምግብ፣ ትልቅ የጀርባ ቦርሳ። እጄ ላይ ያለው 3,000 ብር ነው። ከምን ልጀምር? (ሰ. ነኝ)

መልስ፦ እህቴ ሰ.፣ ድንኳኑን እንኳ ተይው። የት ልትተክይው ነው?

እኔ ብሆን በደቂቃ ውስጥ የሚገድለውን አስቀድማለሁ፣ ቀጥሎ በየጊዜው የሚያጋጥመውን። እንዲህ ካየነው ከመንቀጥቀጡ በፊት የሚያሳስበኝ ከሰሉ ነው። ቡና ተፈልቶ ካለቀ በኋላ ብርድ ነው ተብሎ ማንደጃው መኝታ ቤት ይገባል፣ በርና መስኮቱም ይዘጋል። ጭሱ ስለጠፋ አትመኚው፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም፣ እንቅልፍ ላይ እያላችሁ ነው የሚጨርሳችሁ። ውጭ ማሳደር ሳንቲም አያስወጣም። ማታ የጋዝ ሲሊንደሩን መዝጋትም እንዲሁ።

ደረጃችሁንስ አይተሽዋል? በብዙ ብሎክ ኮሪደሩ ላይ አሮጌ ፍራሽ፣ ብስክሌት፣ የተሰበረ ወንበር ተከምሯል። ሊፍት የለም፤ እሳት ቢነሳ እናትሽ በጨለማ የሚወርዱት በዚያው ነው። ከጎረቤቶችሽ ጋር ተነጋገሩና አንድ ቅዳሜ አጽዱት፣ ኮሚቴውን ከጠበቃችሁ ዓመቱ ያልቃል።

መንቀጥቀጥ ሲመጣ ግን ወደ ደረጃው አትሩጡ። ጠንካራ ጠረጴዛ ሥር ገብታችሁ ጭንቅላታችሁን ሸፍኑ፣ የጠረጴዛውን እግር ያዙ፣ እስኪያቆም እዚያው ቆዩ። እናትሽ ማጎንበስ ካቃታቸው ከመስኮትና ከቡፌ ራቅ ብለው ይቀመጡና ጭንቅላታቸውን በትራስ ይሸፍኑ። ልጆቹን እንደ ጨዋታ አለማምጃቸው። ከ3,000 ብሩ የመጀመሪያው ወጪ ቡፌውንና ቁም ሳጥኑን ግድግዳው ላይ በብረት ማሳሰር ይሁን፤ ሰው ላይ የሚወድቁት እነሱ ናቸው።

ሁለተኛው የእናትሽ መድኃኒት ነው። የመጨረሻዋ ፍሬ እስክታልቅ አትጠብቁ፣ የሁለት ሳምንት ትርፍ ይኑራችሁ። የማዘዣውን ፎቶ ከመታወቂያውና ከልጆቹ የልደት ካርድ ጋር ስልክሽ ላይ አስቀምጪ።

ውሃ በፈረቃ ለለመደ ሰው ስለ ጀሪካን ማስተማር ያስቃል፣ ቢሆንም ሒሳቡን ልንገርሽ፦ ለመጠጥና ለምግብ ለአንድ ሰው በቀን 3 ሊትር ብንይዝ፣ ለአራት ሰው ለሦስት ቀን 36 ሊትር ነው። ሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ይበቃል። ችግሩ ልብስ ማጠቢያ እየተቀዳ ማለቁ ነው፤ ስለዚህ ሁለቱን ክዳናቸውን ገጥመሽ ለብቻ አስቀምጪ፣ ውሃውንም በየጊዜው ቀይሪው።

በታሸገ ምግብ ገንዘብሽን አትጨርሺ። በሶና ቆሎ አለልሽ፣ እሳትም አይፈልግም።

የተረፈሽን ብር በባለ 50ና በባለ 100 ዘርዝሪና አስቀምጪው፤ ኔትወርክ ሲጠፋ ቴሌብር ዳቦ አይገዛም። የእሳት አደጋን 939 እና የቀይ መስቀል አምቡላንስን 907 በትልቁ ጽፈሽ በሩ ላይ ለጥፊ፣ ልጆቹ በሚደርሱበት ቁመት። የሶላር ቻርጀሩ ጥሩ ነገር ነው፣ ግን የሚቀጥለው ወር ደሞዝ እስኪገባ ይቆይ። እስከዚያ ስልክሽን ማታ ማታ ሞልተሽ እደሪ።