ኤስፒኤፍ «አልፏል» እያለ ኢሜይሉ ለምን ስፓም ይገባል?

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «ድረ ገጼ ላይ የትዕዛዝ ቅጽ አለ። ሲሞላ ለደንበኛው ማረጋገጫ፣ ለእኔ ደግሞ ማሳወቂያ ይላካል። ሁለቱም የሚወጡት በአንድ የኢሜይል መላኪያ አገልግሎት ነው። ኤስፒኤፍ (በዶሜይኔ ስም የትኞቹ ሰርቨሮች መላክ እንደሚችሉ የሚዘረዝር መዝገብ) አስገብቻለሁ፤ መፈተሻውም አልፏል ይላል። ግን ማረጋገጫው ብዙ ጊዜ ስፓም ይገባል። ማሳወቂያው ላይ ላኪ ያደረግኩት የደንበኛውን ኢሜይል ነው፤ ‹ሪፕላይ› ስል በቀጥታ እንዲሄድለት። ደንበኛው የያሁ አድራሻ ካስገባ ግን ጭራሽ አይደርሰኝም።»

ከሁለተኛው ልጀምር፤ እሱ ቀላል ነው። እርስዎ ሳያስቡት በሰው ስም እየላኩ ነው። ያሁ በ2014 «በእኔ አድራሻ ከእኔ ሰርቨር ውጭ የተላከ ነገር ካያችሁ አትቀበሉ» ብሎ አውጇል። ተቀባዩ ሰርቨር የታዘዘውን ነው ያደረገው። መፍትሔው፣ «ፍሮም» ላይ የራስዎን ዶሜይን አድራሻ ያድርጉ፤ የደንበኛውን ኢሜይል ደግሞ «ሪፕላይ ቱ» ላይ ያስገቡ። ሪፕላይ ሲሉ አሁንም ለእሱ ይሄድለታል።

ዋናው ጣጣ ማረጋገጫው ላይ ነው። ኢሜይል ሁለት የላኪ አድራሻ አለው። አንዱ ደብዳቤው ላይ የተጻፈው፣ ሰው የሚያየው «ፍሮም» ነው። ሌላው ፖስታው ላይ ያለው፣ ያልደረሰ መልዕክት የሚመለስበት «ሪተርን ፓዝ» ነው። ኤስፒኤፍ የሚፈትሸው ፖስታውን ብቻ ነው። የመላኪያ አገልግሎቶች ደግሞ ብዙ ጊዜ ፖስታው ላይ የራሳቸውን ዶሜይን ይጽፋሉ። ስለዚህ «አልፏል» የተባለው የእነሱ ስም ሊሆን ይችላል። ዲማርክ (የዶሜይን ባለቤት ፍተሻ ያላለፈ መልዕክት ምን ይደረግ የሚለውን የሚያውጅበት መዝገብ፤ የያሁም አዋጅ ይኸው ነው) የሚጠይቀው ሌላ ነው፦ ያለፈው ስም ሰው ከሚያየው ስም ጋር አንድ ነው ወይ?

ለማረጋገጥ አንድ ማረጋገጫ ወደ ጂሜይል ይላኩና ሦስቱን ነጥቦች ነክተው «ሾው ኦሪጅናል» ይበሉ። «ሪተርን ፓዝ» ላይና ዲኪም (የላኪው ዶሜይን ዲጂታል ፊርማ) መስመር ላይ የማን ዶሜይን አለ? ሁለቱም ላይ የእርስዎ ከሌለ ችግሩን አገኙት ማለት ነው።

እኔ ሁልጊዜ ዲኪምን አስቀድማለሁ። ኤስፒኤፍ የሚያየው መልዕክቱ የመጣበትን አይፒ (የላኪውን ሰርቨር የኢንተርኔት አድራሻ) ስለሆነ፣ ደንበኛው ኢሜይሉን ወደ ሌላ አድራሻ ፎርዋርድ ካስደረገ ይወድቃል። ዲኪም ግን ከመልዕክቱ ጋር የሚሄድ ፊርማ ነው፤ መንገድ ላይ ይዘቱ ካልተነካ ይተርፋል። አገልግሎቱ ውስጥ ዶሜይን ማረጋገጫ የሚል ገጽ ይፈልጉ፤ የሚሰጥዎትን መዝገቦች ዲኤንኤስዎ (የዶሜይንዎ መዝገቦች የሚቀመጡበት) ላይ ያስገቡ። ፊርማው የሚረጋገጥበት ቁልፍ 2048 ቢት ከሆነ ረጅም ነው፤ በዲኤንኤስ አንድ የጽሑፍ ቁራጭ ከ255 ፊደል በላይ ስለማይዝ መከፋፈል አለበት። አንዳንዱ ፓነል ራሱ ይከፋፍለዋል፣ አንዳንዱ ዝም ብሎ ይቆርጠዋል። አንዴ በዚህ ምክንያት ግማሽ ቀን ተበልቶብኛል፤ ካስገቡ በኋላ መጨረሻውን ከዋናው ጋር ያስተያዩ።

ከዚያ ፖስታውም ላይ የእርስዎ ንዑስ ዶሜይን እንዲሆን ያስተካክሉ። ንዑስ ዶሜይን መሆኑ ችግር የለውም፤ ዲማርክ ካላጠበቁት በስተቀር እንደ አንድ ይቆጥረዋል። ኤስፒኤፍ ለአንድ ስም አንድ ብቻ ነው። አዲስ አገልግሎት ሲጨምሩ ሁለተኛ መዝገብ ከከፈቱ ሁለቱም ይበላሻሉ። ፍተሻው የሚያስነሳው የዲኤንኤስ ጥያቄም ከ10 ማለፍ የለበትም፤ መጠቀም የተዉአቸውን አገልግሎቶች ከመዝገቡ ያውጡ።

ዲማርክን «ምንም አታድርጉ፣ ሪፖርት ብቻ ላኩልኝ» በሚለው ደረጃ ይጀምሩ። ጥቂት ሳምንት ሪፖርቱን ይዩ። የረሱት ላኪ፣ ለምሳሌ ደረሰኝ የሚልክ ሶፍትዌር፣ ብቅ ማለቱ አይቀርም። እሱን ሳያስተካክሉ ወደ «አትቀበሉ» ከዘለሉ የራስዎን ደረሰኝ ነው የሚያግዱት። ከ2024 ጀምሮ ጂሜይል በቀን 5,000 መልዕክትና ከዚያ በላይ ለሚልኩለት ኤስፒኤፍን፣ ዲኪምንና ዲማርክን ሦስቱንም ግዴታ አድርጓል። ከዚያ በታች ላለ ላኪ ኤስፒኤፍ ወይም ዲኪም ይበቃል፤ እኔ ግን ሦስቱንም ያድርጉ ባይ ነኝ።

ሲሞክሩ ታዲያ በዚያው ዶሜይን ወዳለ የራስዎ ሳጥን አይላኩ። ብዙ ጊዜ የውስጥ መልዕክት እንደ ውጭው አይፈተሽም፤ ሁሉም ነገር ደህና መስሎ ይታይዎታል። ቢያንስ ሁለት የተለያዩ የውጭ አገልግሎቶች ላይ ይሞክሩት።